«ገብቷችኋል?» ለምትሉ ወጣት መምህራን

ዘንድሮ ከኮሌጅ ወጥታችሁ ጠመኔ ለምትጨብጡ ልጆቼ፣

በሥልጠናችሁ ወቅት የመማር ማስተማር ተግባቦት ሦስት መልክ እንዳለው ተምራችኋል። አንደኛው ከመምህሩ ወደ ተማሪው ብቻ የሚሄድ፣ ሁለተኛው በሁለቱ መካከል የሚመላለስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ነው። ለፈተናም ሸምድዳችሁታል ብዬ እገምታለሁ። የመጀመሪያው ኋላ ቀር፣ የመጨረሻው ዘመናዊ ነው የሚል እምነት ይዛችሁ ከሆነ ግን አልስማማም። ክፍል ውስጥ አንዱ የሌላውን ልብስ ለብሶ ሲገባ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።

«ገብቷችኋል?» ይላል መምህሩ። «አዎ!» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ከውጭ ለሚያየው ጥያቄና መልስ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲባል እየሰማ ያደገ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጓደኛው ፊት ቆሞ «አልገባኝም» ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ጥያቄ ያለው ልጅ እንኳ ዓረፍተ ነገሩን በልቡ ሲሰካካ ደወሉ ይደወላል። በሚያውቀው ቋንቋ እንዲጠይቅ ብትፈቅዱለት ምንም አይጎድልባችሁም።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ተጽፏል፤ ልጁ ወጥቶ 2/5 ብሎ መለሰ። የተለመደው አካሄድ «ተሳስተሃል፣ ሌላስ?» ነው። ከፊት ወንበር አንዷ 5/6 ትላለች፣ ይጨበጨብላታል፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። መምህሩ ተማሪ አሳትፏል፤ ልጁ ግን 2/5ን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አሁን «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደመርኩ» ይላችኋል። የተሳሳተው በዘፈቀደ አይደለም፤ የራሱ ሕግ አለው። «ግማሽ ዳቦ ነበረህ፣ ሲሶ ተጨመረልህ፤ 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ስትሉት አጠገቡ ያለው ልጅ ቀድሞ «ተጨምሮለት እንዴት ይቀንሳል?» ብሎ ይጮኻል። እናንተ ደቂቃዎች የሚፈጅባችሁን እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓይነት ተግባቦት በእውነት የሚሠሩት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ለዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚለውም ቀነሰ። ሦስት ሰከንድ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ስትሞክሩት ግን እንደሚያስጨንቅ ታዩታላችሁ።

ወደ አንደኛው መልክ፣ ከመምህሩ ብቻ ወደሚሄደው ንግግር ልመለስ። አንድ ሰው ብቻ መናገሩ በራሱ ነውር የለውም። በቅኔ ቤት የኔታ ቅኔውን ሲነግሩ ተማሪው ጆሮውን አቅንቶ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ግን ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ይዞ ይቀርባል፣ ይታረማል። ነባሩም አዲሱን ያስቀጽላል፤ የተነገረውን እየደገመ ያስጠናዋል ማለት ነው። ሦስቱም ዓይነት እያንዳንዱ በየተራው ቦታ አለው፤ ይህንን ማንም ከውጭ አላመጣልንም።

በ1990ዎቹ ማብቂያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። በሳተላይት በቴሌቪዥን የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ይጠይቃል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ተማሪው መለሰም አልመለሰም መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ክፍል ውስጥ ለቆመው መምህር የቀሩት የመግቢያና የመዝጊያ ደቂቃዎች ነበሩ። እኔ የምከሰው ማያ ገጹን ሳይሆን «ቆይ!» ሊባል አለመቻሉን ነው። ማንም «ቆይ» የማይለው ሰው በአካል ቆሞም ቢያስተምር ከዚያ አይሻልም።

የቡድን ሥራ ሌላው መደበቂያ ነው። ወንበር ስለዞረ ውይይት አለ ማለት አይደለም፤ አንዱ ጎበዝ ይጽፋል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስመዘግባሉ። ሪፖርቱን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ አትንገሩ፤ ከዚያ የማያስረዳ ጎበዝ አይኖርም።

በጽሑፍ ስለሚደረገው ተግባቦት ብዙ አልልም። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ተዘግተው በነበረበት ጊዜ ብዙዎቻችሁ ራሳችሁ በቴሌግራም የተላከላችሁን ማስታወሻ ስታወርዱ ከርማችኋል፤ ጠያቂ እንዳልነበረው እናንተው ታውቃላችሁ። ደብተር ስታርሙም «ታይቷል» ብሎ መፈረም መልእክት አይደለም። «ይህን ለምን ቀነስከው?» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የክፍላችሁን አቀማመጥ በወረቀት ንደፉና አንድ ባልደረባችሁ ከኋላ ተቀምጦ፣ የተናገረ ተማሪ በተናገረ ቁጥር በወንበሩ ላይ ጭረት ያድርግ። ከእናንተ ወደ ተማሪ የሄደውን ንግግር በሰማያዊ፣ ከተማሪ ወደ ተማሪ የሄደውን በቀይ ይለይላችሁ። ውጤቱን ለርእሰ መምህሩ ማሳየት ግዴታ አይደለም። በሚቀጥለው ቀን የመጀመሪያውን ጥያቄ ጭረት ካላረፈበት ወንበር ጀምሩ።