ለወጣት ፊዚዮቴራፒስቶች፦ የሚጨነቅ የስትሮክ ታካሚና የመዓዛ ዘይት

በሐዋሳ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ሥራ ለጀመራችሁ፤

ከስትሮክ በኋላ ከአራት ወይም ከአምስት ታካሚ አንዱ ገደማ ብርቱ ጭንቀት ይይዘዋል። እወድቃለሁ ብሎ ይፈራል፤ ሕመሙ ይመለስብኛል ብሎ ይፈራል። ከአልጋው ጠርዝ ሊነሣ ሲል ትንፋሹን ይይዛል፣ የደከመው ክንዱ ይታጠፋል፣ ጣቶቹ ይጨበጣሉ። «ዘና ይበሉ» ባላችሁት ቁጥር ይብስበታል። የመዓዛ ዘይት እዚህ ላይ ያግዛል፤ ድርሻው ግን ታካሚው ልምምዱን እንዲጀምር ማለሳለስ ብቻ ነው። የደከመ እጅ አያንቀሳቅስም። የተሠሩት ጥናቶችም አብዛኞቹ ትንንሽ ስለሆኑ ለቤተሰብ ከዚህ የዘለለ ተስፋ አትስጡ።

በመጀመሪያ ነገሩ በእርግጥ ጭንቀት መሆኑን አጣሩ። ድንገት የተረበሸ ታካሚ ፊኛው ሞልቶ፣ ስኳሩ ወርዶ፣ ትከሻው አሞት ወይም ከእግሩ የተነሣ የረጋ ደም ሳንባው ገብቶ ሊሆን ይችላል። የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ኦክስጅንና ስኳር ለኩ። አዲስ የፊት መጣመም ወይም የንግግር መጎላደፍ ካያችሁ ዘይቱን ተዉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ንግግር የጠፋበትን ታካሚ ፊቶች የተሳሉበት ወረቀት አሳዩትና በደህና እጁ ይጠቁም። አፉን የፈታው በሲዳምኛ ከሆነ ጥያቄውን አስታማሚው በሲዳምኛ ይድገምለት።

ከዘይቶቹ ለመጀመር የሚመቸው ላቬንደር ነው። ጠርሙሱ ላይ «ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ» የሚል የእጽዋት ስም ከሌለ ተራ ሽቶ ሊሆን ስለሚችል አትግዙት። ክዳኑ ላልቶ የከረመ ዘይት ከአየር ጋር ተዋህዶ ቆዳ ያሳክካል፤ በሐዋሳ ሙቀት መስኮት ላይ አይቀመጥም። አንድ ጠብታ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ጥጥ ላይ አድርጉና ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ለ5 ደቂቃ ያዙለት። «አባባ፣ ሽታው ይስማማዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ትራስ ላይ አታንጠባጥቡ፤ በቃኝ ሲል ማንሳት አትችሉም፣ ጎረቤት አልጋ ላይም አስም ያለበት ሊኖር ይችላል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ሽታው በሚሰጥበት ሰዓት ላይ ነው። የተወጠረ ትከሻ እየሳበ ጥጡን አፍንጫ ሥር ይይዛል። አንጎል ሽታን ከሕመም ጋር ቶሎ ያቆራኛል፤ ኋላ ታካሚው ጥጡን ገና ሲያይ ክንዱን ይሰበስባል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜያት መዓዛው ከዕረፍት ጋር ብቻ ይሁን፦ ጀርባው ተደግፎ፣ የደከመው ክንድ ትራስ ላይ ዐርፎ፣ እስከ 4 ቆጥሮ አየር እያስገባ፣ እስከ 6 ቆጥሮ እያወጣ። ከዚያ በኋላ ከልምምዱ በፊት ይሽተትና ጥጡን ከክፍሉ አውጡ፤ ክንዱን መሳብ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

እጅ ለማሸት 30 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይት (በ10 ሚሊ ሊትር መርፌ ሦስት ጊዜ) ላይ 6 ጠብታ ላቬንደር ጨምሩ፤ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል። አስቀድማችሁ በደህናው ክንድ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ስሜት ያጣው ወገን ላይ ቢሞከር ቢያቃጥለውም አይነግራችሁም። ባት አትሹ፤ በተለይ አንዱ ባት ካበጠ ወይም ካተኮሰ አትንኩት፣ ለሐኪም ንገሩ።

አስታማሚ የሚያመጣውንም እወቁ። «ጠብታ በሻይ» የሚል ካለ ፈጽሞ አይሆንም፤ ከስትሮክ በኋላ መዋጥ ይቸግራል፣ ዘይት ሳንባ ከገባ ደግሞ ክፉ የሳንባ ምች ያስከትላል። የባሕር ዛፍና የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) ዘይት፣ ካምፎርና ጭቁኝ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ለስትሮክ ታካሚ አይሆኑም። ጤና አዳም ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቆዳ ውኃ ይቋጥራል። ዕጣን ከሰል ላይ ሲጨስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መርዛማ ጋዝ ይታፈናል። ከዚህም ሌላ ዕጣን ለአንዱ ቤተሰብ ቅዳሴ፣ ለሌላው የጨሌ ነገር ነው፤ ሳይጠይቁ ማጨስ ጭንቀት መጨመር ነው።

እኔ ከውጭ ከሚመጣው ጠርሙስ ይልቅ ለምለም ጠጅ ሳር አስቀድማለሁ። እዚሁ አጠገባችን ወንዶ ገነት ያለው የምርምር ማዕከል የሚሠራበት ተክል ነው፤ ሽታውንም ታካሚው ከቤቱ ያውቀዋል። አንድ ቅጠል ቆርጣችሁ ጣቱ ትንሽ ለሚንቀሳቀስ ታካሚ በደከመው እጁ አስጨብጡት፤ ጨፍልቆ ሲያሸት መልመጃም ይሆነዋል። የቅጠሉ ጠርዝ ስለታም ስለሆነ አጥፋችሁ ስጡ። ተጣርቶ የወጣው ዘይቱ ግን ቆዳ ያስቆጣል፤ ለማሽተት እንጂ ለማሸት አይሁን።

በካርዱ ላይ የጭንቀቱን ልክ ከ0 እስከ 10 በፊትና በኋላ፣ የልብ ምቱን፣ የጠብታውን ብዛትና ሰዓቱን ጻፉ። ሦስት አራት ጊዜ ሞክራችሁ ቁጥሩ ካልወረደ አቁሙና ለሐኪሙ ወይም ለአእምሮ ጤና ባለሙያ አስተላልፉ። አስታማሚው ዳያዜፓም (የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት) ገዝቶ እንዳይሰጥም አስጠንቅቁ፤ በማግስቱ ታካሚውን ከአልጋው ስታስነሡት የሚያንገዳግደው ይኸው መድኃኒት ሊሆን ይችላል።