«ብሩ የእኔ አይደለም» ማለት ብቻውን አይበቃም

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ነው የምኖረው፤ ዜግነት አግኝቻለሁ። ዕድሜዬ 57 ነው። ወገቤን ከታመምኩ ወዲህ መሥራት ስላልቻልኩ መንግሥት ለችግረኛ በሚሰጠው ድጎማ፣ በኤስኤስአይ ነው የምተዳደረው። ለእናቴ ተዝካር አገር ቤት ደርሼ ስመለስ ይህን ከሚከፍለው ቢሮ፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ደብዳቤ ጠበቀኝ። ከፌብሩዋሪ እስከ ኦክቶበር 2025 የተከፈለኝን የ9 ወር 8,703 ዶላር መልሺ ይላል። ክፍያውንም እናቆማለን ይላል። ምክንያቱ ባንክ ያለው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ግን የእኔ አይደለም፤ የእህቴ የዕቁብ ብር ነው። ቤት የለኝ፣ ንብረት የለኝ። በሰው ገንዘብ እንዴት እጠየቃለሁ? ዝም ብላቸውስ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻዋ ጥያቄ ልጀምር። ዝም አይበሉ። ዝም ያለ ሰው ዕዳውን እንዳመነ ነው የሚቆጠረው።

ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን አልነገሩኝም። ለእኔ ከ8,703 ዶላሩም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ቀን ነው። ይግባኝ ለማለት ያለዎት 60 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ከደረሰዎት ጊዜ ጀምሮ ነው። ደብዳቤው በተጻፈ በ5 ቀን እንደደረሰዎት ይገመታል። በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካሉ ደግሞ ውሳኔ እስኪሰጥ ክፍያዎ እንዲቀጥል መጠየቅ ይችላሉ። ከተሸነፉ ግን ያንንም መልሱ ሊሉዎት እንደሚችሉ ይወቁ። ፖስታውን አይጣሉ። ላዩ ላይ ያለው ማህተም ራሱ ማስረጃ ነው።

የሚሞሉት ፎርም ሁለት ዓይነት ነው። «ስሌቱ ተሳስቷል፣ ዕዳው የለብኝም» ካሉ ኤስኤስኤ-561 ነው። «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የመክፈል አቅምም የለኝም፣ ይቅር በሉኝ» ካሉ ኤስኤስኤ-632 ነው። የይቅርታው ጥያቄ የጊዜ ገደብ የለውም። ሁለቱንም አብሮ ማስገባት ይቻላል። አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡልዎ ይጠይቁ። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ። አንድ ቃል ተሳስቶ ቢያስተረጉም መዝገብ ላይ የሚቀረው የእርስዎ ቃል ሆኖ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ወገኖቻችን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ሁሉንም «ዲሰቢሊቲ» ብለን ስለምንጠራው ልዩነቱ ይጠፋናል። ሠርቶ ታክስ የከፈለ ሰው የሚያገኘው ኤስኤስዲአይ ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለዎት አይጠይቅም። የእርስዎ ኤስኤስአይ ግን ለችግረኛ የሚሰጥ ነው። ያላገባ ሰው ከ2,000 ዶላር በላይ፣ ባልና ሚስት ደግሞ ከ3,000 ዶላር በላይ ሊኖራቸው አይችልም። የሚኖሩበት ቤት፣ አንድ መኪናና የቤት ዕቃ አይቆጠሩም። የባንክ ብር ግን ይቆጠራል። የሚታየውም ወሩ በገባበት በመጀመሪያው ቅጽበት ሒሳቡ ላይ ያለው ነው። ቢሮው ይህን ለማወቅ እርስዎ እስኪነግሩት አይጠብቅም። ሲያመለክቱ በፈረሙት ፈቃድ መሠረት ባንኩን ራሱ ይጠይቃል።

«የእህቴ ነው» ብለውኛል። እኔ አምንዎታለሁ። ቢሮው ግን አስቀድሞ የሚያየው ሒሳቡ በማን ስም እንደተከፈተ ነው። በእርስዎ ስም ብቻ ከሆነ ብሩ የእርስዎ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ያንን ማፍረስ እጅግ ከባድ ነው። የእርስዎና የእህትዎ ስም በጋራ ካለበት መንገድ አለ። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የሚገመተው ብሩ በሙሉ የእርስዎ እንደሆነ ነው። ግን ማስተባበል ይፈቀዳል። እርስዎም እህትዎም በጽሑፍ ቃል ትሰጣላችሁ። ማን እንዳስገባ፣ ማን እንዳወጣ ከባንክ ስቴትመንት ታሳያላችሁ። ከዚያም የእርስዎ ስም ከሒሳቡ ይወጣል፣ ወይም ገንዘቡ ይለያል። ታዲያ ሒሳቡ በማን ስም ነው? ጥያቄዎ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት ይህንን ነው።

ሌላም ልጠይቅ፤ አይቀየሙኝ። የእህትዎ ብር ለምን እርስዎ ዘንድ መጣ? ዕቁቡ የተጻፈው በማን ስም ነው? ዕጣው ሲወጣ ማን ተቀበለ? በየወሩ መዋጮው የሚከፈለው ከማን ሒሳብ ነው? ስቴትመንትዎ ላይ በየወሩ ለዕቁብ ሰብሳቢው በዜል (በባንክ የስልክ መላኪያ) የተላከ ብር ከታየ «የእህቴ ነው» የሚለው ቃል ይላላል። በ2025 የኤስኤስአይ ሙሉ የፌዴራል ክፍያ በወር 967 ዶላር ነበር። የተጠየቁት 8,703 ዶላር በትክክል የዚህ 9 እጥፍ ነው። ከዚህ ላይ መዋጮ ሲወጣ የሚያይ መርማሪ «ታዲያ ኑሮውን በምን ይገፉታል?» ማለቱ አይቀርም።

ዕቁቡ የእርስዎ ከሆነ ለጠበቃዎ ይንገሩ። ዕቁብ መግባት ወንጀል አይደለም። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ከተቀበለው አብዛኛውን ገና የሚከፍለው ነው፤ ስለዚህ እንደ ብድር ሊታይ ይገባል ብሎ መከራከር ይቻላል። እውነተኛ ብድር በተቀበሉበት ወር ገቢ አይባልም። ወሩ አልቆ ሳይወጣ ከቀረ ግን ሀብት ሆኖ ይቆጠራል። ይህን ክርክር ለማቅረብ የዕቁቡ ደብተር ያስፈልጋል፦ አባላቱ፣ የዕጣው ተራ፣ የየወሩ መዋጮ። በቃል ብቻ የሚሰበሰብ ዕቁብ ከሆነ የሰብሳቢውንና የአባላቱን የጽሑፍ ምስክርነት አሁኑኑ ይሰብስቡ።

አደራ መቀበል በባህላችን የመታመን ምልክት ነው። ወረቀት የሌለው፣ እንግሊዝኛ የማይችል፣ አዲስ የመጣ ዘመድ «በአንቺ ስም አስቀምጪልኝ» ሲል እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለኤስኤስአይ ተቀባይ ግን ይህ ደግነት ቤት ኪራይ ያሳጣል። በብዙ ስቴቶች ሜዲኬይዱም (የመንግሥት የሕክምና ሽፋኑም) ከኤስኤስአይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሕክምናውም አብሮ ይነካል።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንዎታለሁ። ይህን ካነበቡ በኋላ ደንግጠው ብሩን ዛሬ ለእህትዎ ወይም አገር ቤት እንዳይልኩ። ሰዎች ደብዳቤው ሲመጣ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ብሩ የእርስዎ ነው ከተባለና ያለ ዋጋ ለሌላ ከሰጡት እስከ 36 ወር ከኤስኤስአይ ሊያስወጣዎ ይችላል። ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በማስረጃ ተሰንዶ፣ በሕግ ባለሙያ ምክር ይውጣ።

ስለ ጉዞዎም በግማሽ መስመር አልፈውታል። ስንት ቀን ቆዩ? ለኤስኤስአይ ተቀባይ ከአሜሪካ ውጭ በተከታታይ 30 ቀን መቆየት ክፍያውን ያስቆማል፤ ተመልሰውም 30 ተከታታይ ቀን እስኪሞላዎት አይቀጥልም። ይግባኙ ቢዘገይ «አገር ውስጥ አልነበርኩም» የሚለው በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ማስረጃው ደግሞ ፓስፖርትዎና ትኬትዎ ናቸው። እነዚያው ወረቀቶች ስንት ቀን ውጭ እንደነበሩም ይናገራሉ። ስለዚህ ቀኖቹን ከጠበቃ ጋር ሳይቆጥሩ ምንም አያስገቡ። ይህን የምለው ይደብቁ ብዬ አይደለም። ሆን ብሎ ሐሰት መናገር በመጀመሪያው ጊዜ ብቻ የ6 ወር ክፍያ ያስቆማል።

እናትዎን ነፍስ ይማር። ይህን መጠየቄ ከሐዘንዎ ላይ ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እናትዎ ቤት ነበራቸው? የወራሽነት ማረጋገጫ ወጥቷል? የእርስዎ ስም አለበት? «ንብረት የለኝም» ሲሉ እዚህ ያለውን ብቻ እያሰቡ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ውጭ አገር ያለ የቤት ድርሻም ይታያል። መሸጥ የማይቻል መሆኑን በሰነድ ካሳዩ ላይቆጠር ይችላል፤ ሳይነግሯቸው ከተደረሰበት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ለውጥ እስከ ቀጣዩ ወር 10ኛ ቀን ድረስ መነገር አለበት። ሲያስታውቁም ደረሰኝ ይቀበሉ።

ክፍያው ቢቆምም ሁሉም ነገር አላበቃም። ሀብትዎ ከገደቡ በታች መሆኑን በ12 ወር ውስጥ ካሳዩ እንደ አዲስ ሳያመለክቱ ሊመለስልዎት ይችላል። 12 ወር ካለፈ ፋይሉ ይዘጋል። ያኔ የወገብዎን ሕመም ከሥሩ እንደገና ማረጋገጥ ይመጣል። ለዚህም ቢሆን የሐኪም ቀጠሮዎን አያቋርጡ።

በዚህ ሳምንት ወደ አካባቢዎ ነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ይሂዱ። ደብዳቤውን ከነፖስታው፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ያለውን የሁሉንም ሒሳቦች ስቴትመንት፣ ፓስፖርትዎን፣ የዕቁቡን ደብተርና ከአገር ቤት ያመጡትን ማንኛውንም የውርስ ወረቀት ይዘው ይሂዱ። እህትዎንም ይዘዋት ይሂዱ። ለእኔ ያልጻፉልኝንም እዚያ ይንገሯቸው፤ ለጠበቃ የተነገረ ምስጢር በሕግ ይጠበቃል። ጊዜው ሊያልቅ ከደረሰና ጠበቃ ካላገኙ ፎርም 561ን «ዝርዝሩን በኋላ አቀርባለሁ» ብለው ራስዎ ያስገቡት፤ የተቀበሉበትን ቀን ማህተም ያስመቱበትና አንድ ቅጂ ይያዙ።