ይህ ነጥብ የየትኛው ወረዳ ነው? በተከፋፈለ ካርታ ላይ ነጥብን ስለማግኘት ጥያቄና መልስ

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው አካባቢ ካርታ ነክ ፕሮግራም የሚጽፉ ባለሙያዎችና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል። የሁሉም መነሻ አንድ ነው፤ አንድ ስፍራ በማይደራረቡ ክልሎች ተከፋፍሎ ሳለ፣ የተሰጠን ነጥብ የትኛው ክልል እንደያዘው በፍጥነትና ያለ ስሕተት ማወቅ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ላይ ዕቃ ለደንበኞች የሚያደርስ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ነኝ። ደንበኛው በስልኩ የሚልክልን አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ እኛ ግን ክፍለ ከተማውንና ወረዳውን መመዝገብ አለብን። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከቀላሉ ይጀምሩ። የአንድ ወረዳ ወሰን በተከታታይ ጫፎች የተሠራ ፖሊጎን፣ ማለትም ዝግ የሆነ ባለ ብዙ ጎን ቅርጽ ነው፤ ጫፎቹን የሚያገናኙት ቀጥታ መስመሮች ጠርዞች ይባላሉ። ከነጥብዎ ወደ ቀኝ ማብቂያ የሌለው አግድም ጨረር ያስወጡና የፖሊጎኑን ጠርዞች ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጥ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ኢ-ተጋማሽ ከሆነ ነጥቡ ውስጥ ነው፤ ተጋማሽ ከሆነ ውጭ ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ማቋረጥ ከውስጥ ወደ ውጭ ወይም ከውጭ ወደ ውስጥ ያሻግራል፤ የጨረሩ ሩቅ መድረሻ ደግሞ ምንጊዜም ውጭ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ጠርዝ ከ(2፣ 1) ተነሥቶ (6፣ 9) ላይ ያበቃል፤ የእኛ ነጥብ (3፣ 5) ነው እንበል። የነጥቡ ቁመት 5 በ1 እና በ9 መካከል ስለሚውል ጠርዙ መታየት አለበት። ጠርዙ ቁመት 5 ላይ ሲደርስ ከመነሻው 4 ወጥቷል፤ ይህም የጠቅላላ ቁመቱ የ8 ግማሽ ስለሆነ በአግድም ከ2 ወደ 6 የሚያደርገውንም ጉዞ አጋምሷል፤ ስለዚህ 4 ላይ ይገኛል። 4 ከ3 ስለሚበልጥ ጠርዙ ከነጥቡ በስተቀኝ ነው፤ አንድ ማቋረጥ ተቆጠረ ማለት ነው።

ሁሉንም ወረዳ እንዲህ መፈተሽ እንዳያስፈልግ እያንዳንዱን ፖሊጎን በአራት ማዕዘን ሳጥን ከብበው፣ ነጥቡን የያዙትን ሳጥኖች ብቻ ይመርምሩ። አንቶኒን ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው አር-ትሪ የተባለ የመረጃ አደረጃጀት ሳጥኖቹን በእርከን ስለሚያደራጅ ፍለጋውን ያፋጥናል፤ ብዙዎቹ የካርታ ዳታቤዞችም ይህንኑ ወይም ዘመዱን ይጠቀማሉ። በእኔ ግምት ለእርስዎ ሥራ ይህ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ቂርቆስና ልደታ በሚጎራበቱበት በሜክሲኮ አካባቢ ብዙ ትእዛዝ አለን። ነጥቡ ልክ ወሰኑ ላይ ቢወድቅስ? ጨረሩስ በጫፍ ላይ ቢያልፍ?

መልስ፦ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ጨረሩ በጫፍ ላይ ሲያልፍ አንዱ ማቋረጥ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ወይም ጭራሽ እንዳይታለፍ ደንብ ያስፈልጋል። ደንቡም ይህ ነው፦ ጠርዝ የሚቆጠረው አንደኛው ጫፉ ከነጥቡ ቁመት በላይ፣ ሌላኛው ደግሞ ከነጥቡ ቁመት ጋር እኩል ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ብቻ ነው። አግድም ጠርዞች በዚህ ደንብ በራሳቸው ይወድቃሉ። ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች የሚጋሩት ጠርዝ በሁለቱም ዘንድ በትክክል አንድ ዓይነት ጫፎች ካሉትና ስሌቱም ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከተሠራ፣ ወሰን ላይ ያለ ነጥብ እንኳ ለአንዱ ብቻ ይደርሳል።

ፖስትጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ደግሞ ኮንቴይንስ የተባለው ተግባር ወሰን ላይ ያለን ነጥብ እንደማይቀበል፣ ከቨርስ የተባለው ግን እንደሚቀበል አስታውሱ። በመጀመሪያው ነጥቡ ባለቤት ያጣል፤ በሁለተኛው ሁለት ባለቤት ያገኛል። በተግባር ግን ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የስልኩ የአቀማመጥ ስሕተት ነው፤ በሕንፃዎች መካከል ብዙ ሜትር ሊደርስ ይችላልና። ነጥቡ ከወሰኑ ያለው ርቀት ስልኩ ከሚያሳውቀው ስሕተት ካነሰ፣ ፕሮግራሙ በራሱ ከሚወስን ደንበኛውን ቢጠይቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ካርታው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጠርዞች ቢኖሩት ከጨረር ቆጠራ የተሻለው መንገድ ምንድን ነው? የኪርክፓትሪክንና የትራፔዞይድ ካርታን ልዩነትም ብታብራሩልን።

መልስ፦ ቁም ነገሩ ካርታውን አንድ ጊዜ ደክሞ ማዘጋጀትና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ በርካሽ መመለስ ነው። ዶብኪንና ሊፕተን እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙትን ዘዴ አስቀድሞ መረዳት ለሌሎቹ መንገድ ይከፍታል። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ሲሠመር ካርታው በቋሚ ሽንሽኖች ይከፈላል። በአንድ ሽንሽን ውስጥ ጠርዞች ስለማይቋረጡ ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ስለዚህ አንድ ባይነሪ ሰርች (በተደረደሩ ነገሮች መካከል በየንጽጽሩ ግማሹን እየጣለ የሚሄድ ፍለጋ) ሽንሽኑን፣ ሌላው ደግሞ በሽንሽኑ ውስጥ ነጥቡ በየትኞቹ ጠርዞች መካከል እንዳለ ያገኛል። ከአንድ ሚሊዮን ነገሮች መካከል በዚህ መንገድ አንዱን ለማግኘት 20 ያህል ንጽጽር ይበቃል። ችግሩ የማስታወሻ ቦታው ነው። ረጅም ጠርዝ በሚያልፍባቸው ሽንሽኖች ሁሉ ስለሚመዘገብ፣ መዝገቡ በክፉ አጋጣሚ ከጫፎቹ ብዛት ካሬ ጋር ያድጋል።

ሳርናክና ታርጃን እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንን የፈቱበት መንገድ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሁለት ተጎራባች ሽንሽኖች የሚለያዩት በመካከላቸው ባለው ጫፍ ላይ በሚያበቁትና በሚጀምሩት ጠርዞች ብቻ ነው። እንግዲያው ለእያንዳንዱ ሽንሽን አዲስ ዛፍ (ጠርዞቹን በቅርንጫፍ አደራጅቶ ለፍለጋ የሚያመች መዋቅር) ከመሥራት ይልቅ፣ የቀድሞ ይዞታው የማይጠፋ አንድ የፍለጋ ዛፍ ይያዛል፤ ያልተለወጠው ክፍል በሁሉም ዘንድ የጋራ ይሆናል። ቦታው ከጠርዞቹ ብዛት ጋር ብቻ ያድጋል፤ ፍለጋው ግን ፍጥነቱን አያጣም።

ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣው በሌላ በኩል ነው። ካርታውን በሦስት ማዕዘኖች ይሞላና እርስ በርስ የማይጎራበቱ፣ ጥቂት ጠርዞች ብቻ ያሏቸውን ጫፎች አውጥቶ ቀዳዳዎቹን በአዲስ ሦስት ማዕዘኖች ይደፍናል፤ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን እስኪቀር ድረስም ይደግመዋል። እንዲህ ያሉ ጫፎች በብዛት መገኘታቸውን የሚያረጋግጥልን የኦይለር ቀመር ነው፤ n ጫፎች ያሉት የጠለል ካርታ (ጠርዞቹ እርስ በርስ የማይቋረጡ ካርታ) ቢበዛ 3n ሲቀነስ 6 ጠርዞች ስለሚኖሩት፣ በአንድ ጫፍ ላይ የሚገናኙት ጠርዞች በአማካይ ከ6 ያንሳሉ። ፍለጋው ከትልቁ ሦስት ማዕዘን ተነሥቶ እርከን በእርከን ይወርዳል። ለማስተማር ውብ ነው፤ በየእርከኑ ብዙ ሦስት ማዕዘኖች መፈተሽ ስላለባቸው ግን በተግባር ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል።

በእጅ ለመጻፍ የምመክረው ሙልሙሌይና ዛይድል በ1990ዎቹ መግቢያ ያቀረቡትን የትራፔዞይድ ካርታ ነው። ከእያንዳንዱ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጣው መስመር የሚቀጥለውን ጠርዝ ሲነካ ይቆማል፤ ካርታውም ትራፔዞይድ በሚባሉ፣ ሁለት ትይዩ ጎኖች ባሏቸው ቅርጾች ይከፈላል፤ ጠርዞቹም በዘፈቀደ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ይጨመራሉ። ፍለጋው ሁለት ጥያቄዎችን ብቻ ያፈራርቃል፦ ነጥቡ ከዚህ ጫፍ በስተግራ ነው ወይስ በስተቀኝ? ከዚህ ጠርዝ በላይ ነው ወይስ በታች? ተማሪዎች አዘውትረው የሚስቱት ነገር አለ። የሎጋሪዝም ጊዜ (ጠርዞቹ እጥፍ ሲሆኑ በጥቂቱ ብቻ የሚጨምር የፍለጋ ጊዜ) የሚጠበቅ አማካይ ነው ሲባል፣ አማካዩ የተወሰደው በጠርዞቹ አገባብ ቅደም ተከተል ላይ እንጂ በካርታው ዓይነት ላይ አይደለም። ስለዚህ ካርታው ምንም ያህል አስቸጋሪ ቢሆን ተስፋው አይፈርስም።

ጥያቄ፦ ስልተ ቀመሩ ትክክል ነው፤ ነጥቦቻችን ግን ከወረዳቸው ውጭ ይወድቃሉ።

መልስ፦ ሁለት ነገር ይፈትሹ። የመጀመሪያው የኬክሮስና የኬንትሮስ መገለባበጥ ነው። መሃል አዲስ አበባ በግምት በ9.03 ሰሜንና በ38.75 ምሥራቅ ትገኛለች፤ ቁጥሮቹ ሲገለበጡ ነጥቡ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ይገባል። ይህ ወዲያው ይታያል። አሳሳቹ ሁለተኛው ነው፦ የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለ መነሻ (የምድር ነጥቦች ቁጥር የሚለካበት መሠረት) ሲሆን፣ ስልኮች ነጥብ የሚሰጡት ግን ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በተባለ ሌላ መነሻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ነጥቡ ከተማው ውስጥ ሆኖ ጎረቤት ወረዳ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ በጎረቤት ወረዳዎች መካከል የማንም ያልሆነ ቀጭን ክፍተት አለ። እንዴት ይጠገናል?

መልስ፦ የጋራውን ወሰን ሁለት ጊዜ ባለመያዝ። ጠርዙ አንድ ጊዜ ተመዝግቦ በግራውና በቀኙ ያለው ወረዳ ይጻፍበት። እንዲህ ሲሆን ክፍተትም መደራረብም ቦታ አያገኝም፤ ፍለጋውም ከነጥቡ ቀጥሎ ያለውን ጠርዝ ካገኘ በኋላ የወረዳውን ስም ከዚያው ላይ ያነበዋል።

ጥያቄ፦ ለደንበኛው ቅርብ የሆነውን ፋርማሲ ማግኘትም ተመሳሳይ ጥያቄ ነው?

መልስ፦ አዎን። ከተማውን እያንዳንዱ ነጥብ ለቅርብ ፋርማሲው እንዲደርስ ብንከፋፍለው የቮሮኖይ ካርታ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነጥብን ማግኘት ብቻ ነው። ይሁንና ይህ የቀጥታ መስመር ርቀት ነው። መንገዱ ወንዝ ወይም የባቡር ሐዲድ ሲዞር መልሱ ስለሚለወጥ፣ ለማድረስ ሥራ በመንገድ መረብ ላይ የሚሰላ ርቀት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ወሰን ሲለወጥስ? በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ሲጨመር ክፍለ ከተሞቹ ከ10 ወደ 11 አድገዋል።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ለውጥ በዓመታት አንዴ የሚመጣ ስለሆነ መዋቅሩን ከሥሩ እንደገና መገንባት ይበቃል፤ የአስተዳደር ካርታ ለኮምፒውተር ትንሽ ነው። የድሮውን ካርታ ግን ከነጸናበት ቀን ያስቀምጡት፤ ከለውጡ በፊት የተመዘገበ ትእዛዝ በዚያን ጊዜው ወሰን መነበብ ይኖርበታልና።