ወገብ፣ ጉልበትና ምጣድ፦ የማድ ቤት ጥያቄዎቻችሁ

ባሕር ዳር ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ወገቧን ወይም ትከሻዋን አሟት የምትመጣን ሴት «ሥራሽ ምንድን ነው?» ስላት ብዙ ጊዜ መልሷ «ምንም፣ ቤት ነኝ» ነው። ቀኗን ዘርዝሪልኝ ስላት ግን ውኃ ትቀዳለች፣ ታቦካለች፣ ትጋግራለች፣ ትወቅጣለች፣ ታጥባለች፣ ልጅ ታዝላለች። ይህ ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። ያውም አብዛኛው የሚሠራው ከመሬት ላይ ነው፤ ሥራው ወደ እሷ አይመጣም፣ እሷ ወደ ሥራው ትጎነበሳለች። ከታች የምመልሰው ዞሮ ዞሮ እዚሁ ላይ ይመጣል፦ ሥራውን ከመሬት አንሱት። ጥያቄዎቻችሁን አሳጥሬ ነው ያሰፈርኳቸው።

ጥያቄ፦ በጉልቻ ነው የምጋግረው። ሊጡ ሳይጋመስ ወገቤ ይቆረጣል። ጎረቤቶቼ «ኩላሊትሽን ነው» ይሉኛል። እውነት ኩላሊት ነው? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ እህቴ፣ እኛ ጋ ወገብ ያመመው ሁሉ ኩላሊት ይባላል። የኩላሊት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከጎድን አጥንት በታች፣ በአንድ ጎን ነው የሚሰማው። ብትቆሚም ብትተኚም ብዙ አይለወጥም። ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሽንት ማቃጠል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ሊኖረው ይችላል። እነዚህ ካሉ ቶሎ ተመርመሪ። ስትጎነበሺ የሚብስ፣ ቀና ስትይና ስትራመጂ የሚሻል ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ያንቺም አነጋገር ወደዚህ ያደላል።

አሁን ወደ ምጣዱ። ምጣድ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። አጭር ዱካ ላይ ስትቀመጪ ጉልበትሽ ከዳሌሽ በላይ ይወጣል፣ ወገብሽ ይቆለመማል። እንደዚያ ሆነሽ ሊጡን ለማዞር ወዲያኛው ጫፍ ድረስ ትንጠራሪያለሽ። የተዘረጋ ክንድና የተንጋለለ ትከሻ፣ ከሥር ደግሞ የታጠፈ ወገብ። በዚህ ላይ ጭሱን ለመሸሽ አንገትሽን ታጣምሚያለሽ፣ እንጨት ለመግፋት ደግሞ ይብሱን ትወርጃለሽ። አንዴ ቢሆን ምንም አልነበረም። በአንድ ጋገራ ግን በእያንዳንዱ እንጀራ ይደጋገማል።

መፍትሔው ቆሞ መጋገር ነው። ከፍታውን በራስሽ አካል ለኪው። ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ክርንሽን እጠፊ፣ ከክርንሽ አንድ ስንዝር ወደ ታች ለኪ። የምጣዱ ፊት እዚያ ላይ ይሁን። መካከለኛ ቁመት ላላት ሴት ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። አንድ ብሎኬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ራሱ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ ከሥሩ ሁለት ረድፍ ተኩል ያህል ብሎኬት በሲሚንቶ ከታሰረ ይበቃል። ደረቅ ብሎኬት ደርድሮ ምጣድ መጫን ግን አይሆንም፤ ይናዳል። ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሰዋል፣ እሳቱም የተከበበ ነው። ትንሽ እንጨት ማለት ትንሽ ሸክም፣ ትንሽ ጭስ ማለት ነው። ከመሬት የተነሣ እሳት ደግሞ ለሚድህ ሕፃን አደጋው ያንሳል።

የሊጡን ባልዲ መሬት ላይ አትተዪው፤ በምታዞሪበት እጅ በኩል ከምጣዱ እኩል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የተጋገረውን የምትደረድሪበት በሌላው ጎን ይሁን፣ እሱም ከፍ ብሎ። እንጀራውን በሰፌድ አውጥተሽ ስትዞሪ በእግርሽ ዙሪ፤ ወገብሽን ብቻ አትጠምዝዢው። አክንባሎው የሚደፈንበት ጊዜ ደግሞ ያንቺ ዕረፍት ነው። ብዙዎቻችን ያኔም ተጎንብሰን እሳት እናያለን። ቀና በይ፣ ሁለት እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ በቀስታ ወደ ኋላ ለጠጥ በይ፣ ትከሻሽን አሽከርክሪ። ተጨማሪ ሰዓት አይወስድም፤ እንጀራው እስኪበስል መጠበቅሽ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ፤ አከራዬ ብሎኬት አያስገነባኝም። በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የምጋግረው፣ እሱም መሬት ላይ ነው።

መልስ፦ ያንቺማ ይቀላል። ብየዳ ቤት ሄደሽ የብረት ማስቀመጫ አሠሪ፤ ቤት ስትለቂ ይዘሽው ትሄጃለሽ። አራቱም እግሮቹ ሰፋ ይበሉ፣ እንዳይወዛወዝ። ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ገመዱ የተላጠ ወይም የላላ እንዳይሆን አስቀድሞ ይታይ። የምጣዱ የራሱ ቁመትም ስላለ ስትለኪ እሱን ቀንሺ።

ጥያቄ፦ ለበዓል ሽንኩርት ስከትፍ ከዋልኩ በኋላ ሌሊት እጄ ደንዝዞ ይቀሰቅሰኛል። አውራ ጣቴና ሁለቱ ተከታዮቹ ናቸው። ትንሿ ጣቴ ደህና ናት። (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ ትንሿ ጣት ደህና መሆኗን መጻፍሽ ትልቅ ነገር ነው። በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፍ አንድ ነርቭ አለ፤ ስሜት የሚሰጠው ላልሻቸው ጣቶችና ለቀለበት ጣት ግማሽ ነው። አንጓሽ ታጥፎ ብዙ ሲሠራ ጠባብ መተላለፊያው ውስጥ ይጫናል። ሌሊት የሚብሰው እጃችንን አጥፈን ስለምንተኛ ነው።

ቢላዋሽን አስስዪ። የደነዘ ቢላዋ በኃይል ያስይዝሻል፣ አንጓሽንም ያስጣምምሻል። መክተፊያውን ጭንሽ ላይ ወይም መሬት ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፣ ከክርንሽ አንድ ጋት ያህል ዝቅ ብሎ። ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ብዙዎችን ያሻሽላል። ለዶሮ ወጥ የሚሆነውን ያን ሁሉ ሽንኩርት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ መክተፍ የለበትም። የሚበላው ቤተሰብ ሁሉ ስለሆነ ቢላዋ የሚይዝ ሌላ እጅ አይጠፋም። መደንዘዙ ቀን ቀንም ከቀጠለ፣ ዕቃ ከእጅሽ እየወደቀ ካስቸገረሽ ወይም በአውራ ጣትሽ ሥር ያለው ሥጋ ከሰለለ ሐኪም ይይሽ። ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ይህን ስለሚያመጡ አብረው ይታያሉ።

ጥያቄ፦ ውኃ ሲጠፋ በጄሪካን ተሸክሜ ነው የማመጣው። ስንት ሊትር ነው ለጤና የሚከብደው?

መልስ፦ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ሙሉ ከሆነ ከነዕቃው ከ20 ኪሎ ያልፋል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት፣ ሁሉ ነገር ተመቻችቶ የሚነሣ ዕቃ እንኳ ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። ሁሉ ነገር ተመቻችቶ ማለት ዕቃው ከሰውነት ተጠግቶ፣ ከጉልበት በላይ ተቀምጦ፣ ሳይጠማዘዙ ማለት ነው። ጄሪካን ከመሬት ነው የሚነሣው፣ ያውም በአንድ እጅ። ስለዚህ የሚፈቀደው ከዚያ በጣም ያንሳል።

ለሁለት ክፈዪው፤ በየእጅሽ ባለ 10 ሊትር ያዢ። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ብስክሌትም ሞልቷታል። ብስክሌት ያለው ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ጄሪካን በጀርባ የሚመጣበት ምክንያት አይታየኝም። ቤት ከገባ በኋላም ከመሬት እያነሡ ማዘንበል ሌላ ሸክም ነው። ቧንቧ ያለው በርሜል ከፍ ያለ ማስቀመጫ ላይ አድርጊና በጆግ በጆግ ሙዪው።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ስላመማት ወንበር ላይ ሆና ቡና ታፍላ ብላት «ቡና እንዲህ አይፈላም» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህን ከረከቦቱ አታርቃት። ቡናው ለእሷ ጎረቤቷም፣ ጸሎቷም፣ ወጓም ነው። ጉልበቷን የሚጎዳው ቡናው ሳይሆን እጅግ አጭር መቀመጫ ላይ መቀመጡና ከዚያ መነሣቱ ነው። ጉልበት በጣም ሲታጠፍ በጉልበት ሎሚውና ከሥሩ ባለው አጥንት መካከል ያለው ጫና ይበዛል። 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው በርጩማ አሠራላት፣ ረከቦቱንም ምድጃውንም አነስተኛና ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርግላት። ቄጤማው ይጎዝጎዝ፣ ዕጣኑ ይጢስ፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም እንደ ወጉ ይቅረብ። ከወጉ የሚጎድል ነገር የለም። ቡናውን መውቀጥ ግን ያንተ ድርሻ ይሁን።

አንድ ልምምድም አሳያት። ግድግዳ ተደግፎ የማይንሸራተት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ሳትጠቀም ቀስ ብላ ትነሣ፣ ቀስ ብላ ትቀመጥ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። ካቃታት በእጇ ትደገፍ። የጭኗ ጡንቻ ሲበረታ ጉልበቷ ይቀለዋል።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። መጋገር ልተው?

መልስ፦ በሰላም ያገላግልሽ። መጋገሩ በራሱ ክልክል አይደለም። ጭሱ፣ ሙቀቱ፣ ሸክሙና መጎንበሱ ግን ይቅርብሽ። ጭስ የሕፃኑን ክብደት ከመቀነስ ጋር ይያያዛል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት እዚህ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መጋገር ለማንም ከባድ ነው፤ ማለዳ ጋግሪ፣ ውኃ አጠገብሽ ይኑር። በእርግዝና ወቅት መገጣጠሚያ ስለሚላላ ወገብሽ ከበፊቱ ቶሎ ይደክማል። ማቡካቱንና ጄሪካኑን ሌላ ሰው ይያዝልሽ። ደም ወይም ፈሳሽ ካየሽ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ ምጣዱን ትተሽ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ።

ጥያቄ፦ ከጣና ዳር ቆሮሶ ዓሣ ገዝቼ ቤት ነው የማጸዳው። ቁጢጥ ብዬ ስለምሠራ ስነሣ እግሬ አልታዘዝ ይለኛል።

መልስ፦ ቁጢጥ ስትዪ ከጉልበትሽ ጀርባ ደም ስርና ነርቭ ይጫናል፤ መደንዘዙ ከዚያ ነው። ሰፊ ጣውላ ጠረጴዛ ላይ አድርጊና ቆመሽ ፋቂው። ዓሣው እንዳያንሸራትትሽ እርጥብ ጨርቅ ከሥሩ አንጥፊ።

ጥያቄ፦ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ሳስር ይሻለኛል። ጉዳት አለው? ደግሞ «ሳምንት ተኝተሽ እረፊ» ተብያለሁ።

መልስ፦ እትዬ፣ መቀነቱ ሥራ ላይ ሲሆኑ ደገፍ ያደርግዎታል፤ ትንፋሽ እስካላሳጠረ ድረስ ችግር የለውም። ግን እሱን ተማምነው ከባድ አያንሡ። ሳምንት መተኛቱን አልመክርም። በጣም ካመመዎ አንድ ሁለት ቀን ሥራ ይቀንሱ እንጂ በቤትዎ ውስጥ ይንቀሳቀሱ፤ የተኛ ወገብ ይብስ ይደርቃል። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ፣ መቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግርዎ ከከዳዎ፣ ከመውደቅ በኋላ ከመጣ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ያኔ መታሸትም ወጌሻም አይሞከርም።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ትከሻዬና ወገቤ ያመኛል፤ ብናገር እንዳያባርሩኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ የኔ እህት፣ ያንቺን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ልነግርሽ የምችለው ራስሽ የምታስተካክዪውን ነው፦ ልብስ ስታጥቢ ሳፋውን ድንጋይ ወይም ሣጥን ላይ ከፍ አድርጊው። ከባዱን ሥራ ሁሉ ጧት ላይ አትከምሪው፤ ማቡካቱንና ማጠቡን በሌላ ሥራ አፈራርቂው። ከፋፍለሽ ሥሪው እንጂ በአንድ ትንፋሽ አትጨርሺው።

የቀረው ግን ለአሠሪዎች ነው። ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ አጥንቷ ገና እየጠነከረ ያለ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ለእንግዳ ሶፋ የገዛ ቤት ለሠራተኛው የሚሆን በርጩማና ጠረጴዛ አያጣም። አመመኝ ስትል ተንኮል አትበሉት። እናንተ ራሳችሁ አንድ ጋገራ መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ጋግሩና ወገባችሁን ጠይቁት።

ጥያቄ፦ ብር የለኝም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ቢላዋ ከማሳልና ያለሽን ዕቃ ቦታ ከመቀየር። ዘወትር የምታነሺውን ድስት፣ ዱቄትና ዘይት ከጉልበትሽ በላይ፣ ከትከሻሽ በታች አድርጊው። ቀጥሎ በርጩማውን አስረዝሚ። ማስቀመጫው ብር ሲገኝ ይሠራል፤ በዕቁብም ቢሆን።

ጥያቄ፦ እኔ ረጅም ነኝ፣ ልጄ አጭር ናት፤ ሁለታችንም እንጋግራለን። የምጣዱ ማስቀመጫ ለማን ቁመት ይሠራ?

መልስ፦ ላንቺ ይሠራ። ለልጅሽ የምትቆምበት ጣውላ ይደረግላት፤ ዝቅ ብሎ ከተሠራ ግን አንቺን የሚያድንሽ ነገር የለም። ጣውላው ሁለት እርምጃ የሚያስኬድ ስፋት ይኑረው፣ አይወላገድ፣ ሲጨረስም ከእሳቱ ዳር ይነሣ።