መልስ፦ ፍሪዘር የገባ የማሽላ ዘር ለምን አልበቀለም?
ብርዱ ብቻውን የማሽላ ዘር አይገድልም። ሳይደርቅ አስገብተኸው ይመስለኛል፤ እርጥበቱ ከ15 በመቶ ካለፈ ውሃው በረዶ ሆኖ ፅንሱን (ዘሩ ውስጥ ያለውን የሚበቅለውን ክፍል) ይጎዳዋል። ለሚቀጥለው እንዲህ አድርግ፦

1. ጥቂት ዘር ከደረቅ ጨው ጋር ጠርሙስ ውስጥ ነቅንቅ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ገና ነው፣ ጥላ ላይ አስጣው።
2. ከዚያ ከእኩል ክብደት ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር) ጋር ግጥም ባለ ዕቃ አንድ ሳምንት ያህል ዝጋው። የሚፈለገው እርጥበት ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው።
3. አየር በማያስገባ ከረጢት አሽገህ −18 ዲግሪ ላይ አስቀምጥ። ስታወጣው ቅዝቃዜው ሳይለቀው አትክፈት፣ ጤዛ ያርሰዋል።

ደግሞ ለዘር ስትመርጥ ትልልቁን የማሽላ ራስ ብቻ አትልቀም። ለምርት ደግ ነው፤ የአገር ዘር ስብጥር ግን በዚያ ይጠፋል። ቢያንስ ከ50 ተክል፣ ከእያንዳንዱ እኩል ቆንጥረህ ውሰድ።