የቻሌንጀር ሁለተኛው ቀለበት ለምን አልያዘም?

የተጠየቀው «የቻሌንጀር ሮኬት መጋጠሚያ ሁለት የጎማ ቀለበት ከነበረው፣ አንደኛው ሲከሽፍ ሁለተኛው ለምን አላዳነም?» የሚል ነው። ቻሌንጀር ከተነሣች ብዙም ሳትቆይ የተበታተነች የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ነበረች፤ መጋጠሚያው ደግሞ በጎኗ የነበረው የጠጣር ነዳጅ ሮኬት ክፍሎች የሚገናኙበት ሲሆን፣ ቀለበቶቹ ትኩስ ጋዝ በዚያ እንዳያመልጥ የሚዘጉ ናቸው። በከፍተኛ የዘይት ግፊት የሚሠሩ ማሽኖችን ለረጅም ዓመታት ስጠግን ኦሪንግ (እንዲህ ያለውን የጎማ ቀለበት) መቀየር የዘወትር ሥራዬ ስለነበረ የማውቀውን ልጻፍ።

ብዙ ሰው ጎማው በብርድ የተሰነጠቀ ይመስለዋል። ችግሩ ግን መሰንጠቅ ሳይሆን መዘግየት ነበር። ኦሪንግ የሚይዘው ተጨምቆ ስለተቀመጠ ብቻ አይደለም፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ወደ ቅርጹ እየተመለሰ ስለሚከተለውም ጭምር ነው። ብርድ ላይ ያደረ ማሽን ጠዋት ሲነሣ ዘይት ያንጠባጥብና ሲሞቅ በራሱ ያቆማል። አንድ ጊዜ ከእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ያወጣሁት ቀለበት አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ ወደ ክብ ቅርጹ የተመለሰው መዳፌ ውስጥ ትንሽ ከቆየ በኋላ ነው።

ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ስትነሣ አየሩ 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበሩት በረራዎች የታየው ዝቅተኛ ሙቀት ግን ወደ 12 ዲግሪ ይጠጋ ነበር። አደጋውን የመረመረው የሮጀርስ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው፣ ተጨምቆ የቆየ ቀለበት በ24 ዲግሪ ወደ ቅርጹ የሚመለሰው ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ላይ ካለው በአምስት እጥፍ ፈጥኖ ነው። ጠጣር ነዳጁ በተቀጣጠለበት ቅጽበት ደግሞ የብረቱ ቀፎ በግፊት ስለሚያብጥ መጋጠሚያው ይታጠፋል፣ ክፍተቱም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይሰፋል።

የጥያቄው መልስ እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ቀለበት የተቀመጠው በዚያው ብረት ላይ፣ በዚያው ብርድ ውስጥ ነው፤ መጋጠሚያው ሲታጠፍ እርሱም ከመቀመጫው ይላቀቃል። መጠባበቂያ የሚባለው ዋናውን የሚጥለው ምክንያት የማይነካው ሲሆን ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳም ቢሆን ይህን ያውቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 መጋጠሚያውን አስተማማኝ መጠባበቂያ ከሌላቸው ክፍሎች መድቦት ነበር፤ በረራው ግን አልቆመም።

ከመጋጠሚያው ጥቁር ጭስ የታየው ነዳጁ በተቀጣጠለ ከ0.7 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ጭሱ ጠፋ፤ ቀዳዳውን የነዳጁ ቃጠሎ ቅሪት ለጊዜው ሳይደፍነው አልቀረም። በ59ኛው ሰከንድ አካባቢ ነበልባሉ ወጣ፣ በ73ኛው መንኮራኩሯ ተበታተነች። በነገራችን ላይ፣ መንኮራኩሯን የቆራረጣት ከመስመሯ ወጥታ ስትዞር የገጠማት የአየር ግፊት ነው እንጂ ሁሉም እንደሚለው ፍንዳታ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1988 በረራው ሲቀጥል መጋጠሚያው ሦስተኛ ቀለበትና ማሞቂያ ተጨምሮለት ነበር። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሌላ ለውጥ ነው፤ ቀፎው ሲያብጥ ክፍተቱ እንዳይሰፋ አንቆ የሚይዝ የብረት ከንፈር ተሠራለት፤ ጎማውም ያን ያህል መሮጥ አላስፈለገውም።