በሥዕል ለምትተርኩ ልጆቼ

31 ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳነብ፣ ስሰርዝና ሳቃና ኖሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከመለስኳቸው ረቂቆች ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ አንድ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ወጣት በካርቶን አቃፊ 36 ገጽ ይዞ ቢሮዬ መጣ። እያንዳንዱ ገጽ በአራትና በአምስት ክፈፍ ተከፋፍሎ በጥቁር ቀለም የተሣለ ነበር፤ ቃል የሰፈረባቸው ገጾች ጥቂት ናቸው። ገለጥ ገለጥ አደረግኩና «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ ሥዕሉን ትተህ ታሪኩን ጽፈህ አምጣልኝ» አልኩት። ከሁለት ወር በኋላ ጽፎ አመጣ። አነበብኩት፤ ሳሳብኝና መለስኩለት። ሦስተኛ ጊዜ አልመጣም።

ጽሑፉ የሳሳው ልጁ መጻፍ ስላቃተው አልነበረም። ታሪኩ የነበረው በሥዕሎቹ መካከል ነው፤ እኔ ደግሞ ሥዕሎቹን አስወጥቼ የቀረውን «ለምን አነሰ?» ብዬ ጠየቅኩ። ይህ የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ እንደ እናንተ ያሉ ወጣቶች በስልክ የሚነበብ የሥዕል ታሪካቸውን እያሳዩኝ «ይህ ሥነ ጽሑፍ ይባላል ወይ?» ማለት ሲጀምሩ ነው። ይባላል። ሥነ ጽሑፍ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ግን እኔ በዚያ ልጅ ላይ የፈጸምኩትን እናንተ በገዛ ሥራችሁ ላይ ትፈጽሙታላችሁ።

አሜሪካዊው የኮሚክ (የሥዕል ታሪክ) ሠዓሊ ስኮት መክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ጥበብ ምሥጢር በክፈፎቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ ፈልጎታል። በአንዱ ክፈፍ ሴትዮዋ ደብዳቤ ስትከፍት ሣሉ እንበል፤ በሚቀጥለው ምድጃው ላይ ወረቀት ሲነድ። ደብዳቤውን ያነበበው ማን ነው? አንባቢው ነው። ያቃጠለውም እርሱ ነው። በመካከሉ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር የሚያሳይ ክፈፍ ብትጨምሩ፣ ከሥሩም «በጣም አዘነች» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ሥራውን ከእጁ ነጠቃችሁት። ከማያቸው የጀማሪ ሥራዎች አብዛኞቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ሥዕሉ የተናገረውን ጽሑፉ ይደግመዋል።

በወረቀት ላይ ያ ባዶ ቦታ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ገጽ ውድ ነውና። ስክሪን ግን ወደ ታች ማብቂያ የለውም። ይህን በሰፊው የተጠቀሙበት ደቡብ ኮሪያውያን ናቸው። እዚያ ዳውምና ኔቨር የተባሉት የኢንተርኔት ኩባንያዎች፣ ዳውም እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኔቨር ደግሞ በ2004 የዌብቱን (በኢንተርኔት የሚነበብ የሥዕል ታሪክ) አገልግሎት ጀመሩ፤ ከላይ ወደ ታች እየተሳበ የሚነበበው ታሪክም የአገሩ መለያ ሆነ። በሁለት ክፈፎች መካከል የምትተዉት ነጭ ርዝመት የአንባቢው አውራ ጣት የሚጓዝበት ጊዜ ነው። ባለታሪኩ በር አንኳኩቶ መልስ የሚጠብቅ ከሆነ አንባቢውም አብሮት ይጠብቅ። ይህን አቅም ለሌላ ለምንም ነገር አትለውጡት።

ከዚያ አገር ሥራዎች ደጋግሜ የምመለስበት ሠዓሊው ዩን ቴሆ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው «ሚሴንግ» ነው። ባዱክ በተባለው የድንጋይ ጨዋታ ባለሙያ ለመሆን ዕድሜውን ሰጥቶ ያልተሳካለት ወጣት፣ በአንድ የንግድ ኩባንያ ውስጥ በጊዜያዊነት ተቀጥሮ ሲሠራ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ርእሱ በጨዋታው ቋንቋ ሕይወቷ ገና ያልተረጋገጠ ድንጋይ ማለት ነው። ምዕራፎቹ የሚከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1989 በእርግጥ ከተደረገ የፍጻሜ ግጥሚያ በተወሰደ አንድ አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ግጥሚያው በ145ኛው እንቅስቃሴ አለቀ፣ የታሪኩ የመጀመሪያ ክፍልም ከእርሱ ጋር። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ መንግሥት ስለ ጊዜያዊ ሠራተኞች ያቀረበውን ዕቅድ ሰዉ በዚህ ወጣት ገጸ ባሕሪ ስም እስከ መጥራት ደረሰ። እኔን የሚገርመኝ ግን በውስጡ ጎራዴ የሚመዝ ጀግና አለመኖሩ ነው። ያለው ስልክ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የአለቃ ፊትና ያልተፈረመ ሰነድ ነው። ብዙዎቻችሁ ተዋጊ ትሥላላችሁ፤ አልቃወምም፤ ግን የቀበሌ ወረፋ ውስጥ የቆመ ሰው ፊት ላይ ያለውን ጦርነትም እዩት።

ስለ ትዕግሥት አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ራንዳል ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ2013 «ጊዜ» የሚል ርእስ የሰጠውን አንድ የኢንተርኔት ኮሚክ በቀጫጭን መስመሮች ሣለ፤ ሁለት ሰዎች በባሕር ዳርቻ የአሸዋ ግንብ ይሠራሉ። ሥዕሉ መጀመሪያ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በኋላ በየሰዓቱ በሌላ እየተተካ ለአራት ወር ያህል ቀጥሎ 3,099 ክፈፍ ሆነ። አንባቢው ግንቡን ሳይሆን የባሕሩን ከፍ ማለት እየጠበቀ ተቀመጠ።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ፤ የምሣሣለት ጉዳይ ይህ ነውና። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ይህ ለእናንተ ትልቅ ስጦታ ነው። በአንዱ ክፈፍ «እኔ እኮ አንተን…» ብላችሁ ጻፉና ረጅም ነጭ ቦታ ተዉ፤ ከታች «አላውቅህም» ይምጣ፣ ወይም «ስጠብቅ ነው የመሸብኝ»። አንባቢው ያን ነጭ ቦታ ሲያልፍ ሁለቱንም ፈርቶና ተመኝቶ ነው የሚደርሰው። አጠራራችንም እንዲሁ ነው። አንዲት ሴት ለአሥር ክፈፍ «እርስዎ» ስትለው የቆየችውን ሰው በአሥራ አንደኛው «አንተ» ብትለው ፍቅር ነው ወይስ ንቀት? ቃሉ ብቻውን አይነግረንም። የእጇ አቀማመጥ ይነግረናል። ሥዕልና ጽሑፍ አንዱ ለሌላው አስፈላጊ የሚሆኑት እንዲህ ሲሆን ነው።

ቃላታችን ረጃጅም መሆናቸውንም አትርሱ፤ «አላስታወስኳችሁም» ብቻዋን የንግግሩን ክብ ትሞላዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ንግግሩን በቦታው ጻፉ፣ ሰውየውን ከዚያ ሣሉ። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ በትንሽ ስልክ ላይ ከጠፋች ዓረፍተ ነገሩም አብሯት ይጠፋል።

በሥዕል መተረክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፈፍ ደርድሮ፣ ከየሥዕሉ ሥር ጥቂት ቃል ጽፎ የሚያሳየውን ባህላዊ ሥዕል ሁላችሁም አይታችኋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፤ ክፉው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ተመልካቹ አንድ ፊደል ሳያነብ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ልዩነቱ የሳባን ታሪክ የሚያየው ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው መሆኑ ነው። የእናንተን አያውቀውም። ስለዚህ ከመካከል የምታወጡትን ክፈፍ ስትመርጡ ከእነዚያ ሠዓሊዎች ይበልጥ መጠንቀቅ አለባችሁ።

ከዚያ ልጅ 36 ገጽ አንዱ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አምስት ክፈፍ ነው። እናቲቱ ከአልጋ ሥር የወንድ ጫማ ታወጣለች። ቀለም ትቀባዋለች። ደጃፉ ላይ ፀሐይ ታሰጣዋለች። አራተኛው ክፈፍ ሰው የሌለበት ደጃፍና ረዝሞ የወደቀ የጫማ ጥላ ነው። በአምስተኛው ጫማውን ወደ ቦታው ትመልሳለች፤ ከአልጋው ሥር ያለቁ የቀለም ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። ተጽፎ በመጣው ረቂቅ ውስጥ ይህ ሁሉ «እናቴ አባቴን ትጠብቅ ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ነበር። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ይብራራ» ብዬ ጻፍኩበት።